የተተወው ጽዋ ዋጋ

በለንደን ከተማ የሚኖር አንድ የወንድም ልጅ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የፈረንጆች ዘመን መለወጫ ሲቃረብ እንዲህ የሚል መልእክት በስልክ ላከልኝ፤ «ጋሼ፥ እንደምን ሰነበቱ? የሚመጣውን የጃንዋሪ ወር አስካሪ መጠጥ የሚባል ነገር ሳልቀምስ ለመቆየት ቃል ገብቻለሁ። ይህንም የማደርገው ለአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ እንደየአቅማቸው አዋጥተውልኛል። እርስዎም የተቻለዎትን ቢያዋጡልኝ ደስ ይለኛል።»

መልእክቱን አንብቤ ስጨርስ በመጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎም ጥቂት ተቈጣሁ። ገንዘብ የሚከፈለው ሲያርስ ለዋለ፥ ሲጠርብ ለዋለ፥ ሸክም ለተሸከመ ሰው ነው እንጂ እጁን ከብርጭቆ ለሰበሰበ ሰው ነውን? ደግሞስ ሰው መጠጥ ሲተው የመጠጡ ገንዘብ በኪሱ ይቀራል፤ ታዲያ ምጽዋቱን ከሌላ ሰው ኪስ የሚሻው ለምንድን ነው? ይህን ሁሉ ጽፌ ልልክለት ስል ግን አባቱ ትዝ አለኝና እጄን ሰበሰብሁ።

አባቱ ታናሽ ወንድሜ ነበር። የሞተውም በአረቄ ምክንያት ነው። ከመሞቱ በፊት መጠጥ ለመተው ሦስት ጊዜ ቃል ገብቶ ነበር። መጀመሪያ በንስሐ አባቱ ፊት ተገዘተ፤ ሁለተኛ ለቅዱስ ሚካኤል ተሳለ፤ ሦስተኛ በልጆቹ ስም ማለ። ሦስቱም ቃል «ከእንግዲህ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞቴ» የሚል ነበር፤ ከሦስቱም አንዱ እንኳ አንድ ወር አልሞላም። አሁን ደግሞ ልጁ «አንድ ወር ብቻ» ብሎ ተነሣ። አባቱ በዕድሜ ልክ መሐላ ያልቻለውን ነገር ልጁ በአንድ ወር ቃል ሊጀምረው ሲል በሳቅ ልመልሰው መሆኔ አሳፈረኝ። ስለዚህ መልሱን አቆይቼ «ይህ ልማድ ከወዴት መጣ? እውነተኛ ጥቅምስ አለውን?» በማለት መመርመር ጀመርሁ። ያገኘሁትንም እናንተ ወጣቶች ታመዛዝኑት ዘንድ ከዚህ ቀጥዬ ጽፌዋለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩን ሥር ፍለጋ ስነሣ ወደ እንግሊዝ አገር ብቻ የሚወስደኝ መስሎኝ ነበር። ዳሩ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያገኘሁት በገዛ አገራችን ገዳም ተጠብቆ በኖረ መጽሐፍ ውስጥ ነው። «የሄርማስ እረኛ» የሚባለው ይህ መጽሐፍ በ2ኛው መቶ ዓመት በሮም ከተማ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን በቀድሞ ዘመን ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል። የግዕዙን ቅጂ አንትዋን ዳባዲ የተባለው መንገደኛ ሊቅ በ1847 በትግራይ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም አገኘው፤ በ1860ም በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ ታተመ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሄርማስ የተባለው ሰው ጾሞ ተቀምጦ ሳለ እረኛ መስሎ የተገለጠለት መልአክ ስለ ጾሙ ይጠይቀዋል፤ ጾሙም እውነተኛ ጾም እንዳልሆነ ይነግረዋል። መልአኩ የሚያስተምረው በአጭሩ ይህ ነው፦ አስቀድሞ ሰው ከክፉ ሥራና ከክፉ ንግግር ይከልከል፤ በሚጾምበትም ቀን ከዳቦና ከውሃ በቀር ምንም አይቅመስ፤ በዚያ ቀን ሊበላው የነበረው ምግብ ስንት እንደሚያወጣ አስልቶ ያን ገንዘብ ለመበለት፥ ወይም አባት እናት ለሌለው ልጅ፥ ወይም ለችግረኛ ይስጥ።

ይህን ሳነብ ነገሩ ሦስት ክፍል እንዳለው አስተዋልሁ፤ መተው፥ መቍጠርና መስጠት። የሚተው ሰው ራሱን ይገዛል። የሚቈጥር ሰው ራሱን አያታልልም። የሚሰጥ ሰው ደግሞ መተዉ ለሌላ ሰው እንጀራ እንዲሆን ያደርጋል። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ነገሩ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ ትቶ ያልሰጠ ሰው ቈጣቢ ይባላል እንጂ ጾመኛ አይባልም።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን አስቀድመን ራሳችንን እንመዝን። ጾመኛው ሕዝባችን በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ወተት ይተዋል። መተውንስ አውቀንበታል። ነገር ግን በእነዚያ ቀኖች ያልተበላው ሥጋ ስንት ብር ያወጣ እንደ ነበር ቈጥሮ ለችግረኛ የሚያስረክብ ቤት ስንት ነው? በአብዛኛው ቤት የተረፈው ገንዘብ ለፋሲካ በግ መግዣ ይቆያል። ጠላውና ጠጁም ቢሆን በብዙ ቤት ከጾም ጋር ጠብ የለውም፤ ወተት ያልቀመሰ አፍ ማታ አረቄ ሲቀምስ አይተናል። ይህን የምጽፈው ጾማችንን ለማቃለል አይደለም። ጉንዳ ጉንዶ ጠብቆ ያቆየልን መጽሐፍ ስለ መቍጠር የሚናገረውን ዘንግተን እንደ ኖርን ለማስታወስ ነው።

አሁን ደግሞ የወንድሜ ልጅ ወደሚኖርበት አገር እንሻገር። በእንግሊዝ አገር በላንካሺየር አውራጃ ቀድሞ የጥጥ ፈታዮችና የሸማኔዎች ከተማ የነበረች ፕረስተን የምትባል ከተማ አለች። በ1830 የወጣ ሕግ ቢራ ለመሸጥ የሚያስፈልገውን ፈቃድ እጅግ አቅልሎት ስለ ነበር የቢራ ቤት በየመንደሩ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ መጠጥን የሚቃወሙት ማኅበሮች የሚከለክሉት በአብዛኛው አረቄን እንጂ ቢራን አልነበረም። ጆሴፍ ሊቭሲ የተባለ አይብ ሻጭ ግን ሠራተኛውን የሚያደኸየው ቢራውም ጭምር እንደ ሆነ ተመለከተ። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1832 እርሱን ጨምሮ ሰባት የፕረስተን ሰዎች ቢራም ወይንም አረቄም ላይጠጡ በወረቀት ላይ ፈረሙ።

ሊቭሲ መቍጠርን የሚያውቅ ሰው ነበር። ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ስለ ብቅል ባደረገው ንግግር፥ ገብሱ ቢራ እስኪሆን ድረስ ምግብነቱ ምን ያህል እንደሚጠፋና ሠራተኛው ለዚያ ለጥቂቱ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚከፍል በሕዝብ ፊት ያሰላ ነበር። የተረፈውም ገንዘብ ለሠራተኛው ቤት ዳቦና ልብስ ሆነ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የጠጪ ሰው የመጀመሪያ ችግረኞች የገዛ ሚስቱና ልጆቹ ናቸው።

ከስድስት ዓመት በኋላ በአየርላንድ የሆነው ነገር ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። በኮርክ ከተማ ቲዮባልድ ማቲው የተባሉ የካፑቺን መነኩሴ በኤፕሪል 10 ቀን 1838 መጠጥ ለመተው የሚምሉ ሰዎችን ማኅበር አቋቋሙ። ሕዝቡ ከየገጠሩ እየጐረፈ በፊታቸው እየተንበረከከ ማለ። በ1841 የአየርላንድ ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በጥቂት ዓመታት ጊዜ በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው ማለ። ቀረጥ የሚከፈልበት የአረቄ መጠንም ወደ ግማሽ ያህል ወረደ። ለሚምለው ሰው ሁሉ መታሰቢያ የሚሆን ሜዳይ ይሰጥ ስለ ነበርና አባ ማቲውም ለድሀ እጃቸው የተፈታ ስለ ነበር ራሳቸው በብዙ ዕዳ ውስጥ ወደቁ።

ነገር ግን በ1845 የድንች በሽታ ገብቶ ያ አሠቃቂ ረኃብ ተነሣ፤ ሕዝቡ አለቀ፥ ተሰደደም። የመሐላውም ማዕበል እየቀነሰ ሄደ። አባ ማቲው በ1856 ሲሞቱ የማሉት ሁሉ በመሐላቸው ጸንተው አልተገኙም። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ወንድሜን አሰብሁ። በብዙ ሕዝብ መካከል ልብ ሲሞቅ መማል ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው በማግሥቱ፥ በወሩ፥ በዓመቱ ብቻን ሆኖ መጠበቁ ነው። «እስከ ዕለተ ሞቴ» ያለ ሰው አንድ ቀን ቢሰናከል የሰበረው የዕድሜውን ቃል ስለሚሆን ተስፋ ይቈርጣል፤ «አንዴ ከሰበርሁት» ብሎም ከቀድሞው የባሰ ይጠጣል። ወንድሜ ያደረገው እንዲሁ ነበር።

ቀጥሎ የማነሣው ታሪክ ከአንድ ሰው የምሳ ገበታ ላይ የተነሣ ነው። በ1886 ዊልያም ቡዝ የሚመሩት «ሳልቬሽን አርሚ» የተባለው የክርስቲያን ማኅበር ለሥራው ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። ጆን ካርልተን የተባለ ከመኰንኖቹ አንዱ የሚሰጠው ነገር ስላጣ፥ ከምግብ በኋላ የሚበላውን ጣፋጭ ዓመቱን ሙሉ ትቶ በዚያ የሚተርፈውን 50 ሽልንግ ለመስጠት ቃል ገባ። ቡዝ በነገሩ ልባቸው ተነካ። ዳሩ ግን አንድ ሰው ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ከሚተው ይልቅ ሁሉም ሰው ለአንድ ሳምንት የየራሱን ነገር ቢተው እንደሚሻል አስበው «ራስን የመከልከል ሳምንት» የተባለውን አወጁ። በዚያ በመጀመሪያው ሳምንት 4,820 ፓውንድ ተሰበሰበ።

ወጣቶች ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ። ከሮም ዘመን የተነገረው ሦስቱም ነገር በዚህ ሳምንት ውስጥ ይገኛል። ካርልተን ጣፋጩን ተወ፤ 50 ሽልንግ ብሎ ቈጠረ፤ ቈጥሮም ሰጠ። ቡዝ ደግሞ አንድ አራተኛ ነገር ጨመሩበት፤ ይኸውም ወሰን ነው። ጊዜው አጭር ሲሆን ደካማውም «እኔም እችላለሁ» ብሎ ይገባል፤ የብዙ ደካሞች ትንሽ ነገር ተሰብስቦ ከአንድ ብርቱ ሰው ትልቅ ነገር ይበልጣል።

መተው ብቻውን ሲሆን ምን ያህል እንደሚያስከትል ለማየት ደግሞ የንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛን ታሪክ እንመልከት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1915 የጦር መሣሪያ ሠራተኞች በመጠጥ ምክንያት ከሥራ ይቀራሉ ተብሎ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ንጉሡም ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን ሲሉ ከኤፕሪል ወር ጀምሮ በቤተ መንግሥታቸው ውስጥ አስካሪ መጠጥ እንዳይቀርብ አደረጉ። ከተከተሏቸው አንዱ የጦር ሚኒስትሩ ሎርድ ኪችነር ነበሩ። ፓርላማው ግን አልተከተላቸውም፤ አብዛኛውም ሕዝብ እንደዚሁ። የንጉሡ አድራጎት የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ የተተወው ብርጭቆ ለማን እንደ ደረሰ ስለማይታይ ተከታዩን ሰው የሚስብ ነገር አልነበረውም።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን ደርሰናል። በእንግሊዝኛ ከመጠጥ የራቀን ሰው ወይም ጊዜ «ደረቅ» ይሉታል። በ2008 በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ ሦስት ጓደኞች የጁላይን ወር «ደረቅ» ለማድረግ ተስማሙ። ምክንያታቸውም በልዑል ዌልስ ስም የሚጠራው የከተማው ሆስፒታል ሕመምተኞች ተራ በሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ የሚሆን ቴሌቪዥን ለመግዛት ነበር። ያሰቡት 3,000 ዶላር ነበር፤ የተሰበሰበው ግን ሩብ ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ድራይ ጁላይ» በየዓመቱ የሚደረግ ሆኖ ለካንሰር ሕመምተኞች ምቾትና እርዳታ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ወር ሆኗል።

የእንግሊዙ ጃንዋሪ ደግሞ የተነሣው በሌላ መንገድ ነው። ኤሚሊ ሮቢንሰን የተባለች ሴት በፌብሩዋሪ ለሚደረግ የረጅም መንገድ ሩጫ ራሷን ለማዘጋጀት በጃንዋሪ 2011 መጠጥ ተወች። ወሬውን የሰማ ሁሉ «እንደምን ሆነልሽ?» እያለ ይጠይቃት ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት «አልኮሆል ኮንሰርን» በተባለው የመጠጥን ጉዳት በሚከላከል ድርጅት ገብታ ስትሠራ ነገሩ ለብዙ ሰው እንዲሆን ታሰበ፤ በ2013ም የመጀመሪያው «ድራይ ጃንዋሪ» ተደረገ። በዚያ ዓመት የተመዘገቡት 4,000 ያህል ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመዝጋቢዎቹ ከ100,000 በላይ ሆነዋል። ጃንዋሪ የተመረጠበትም ምክንያት ግልጥ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ የገናና የዘመን መለወጫ ድግስ አልፎ ሆድም ኪስም የሚጸጸትበት ወር ስለ ሆነ ነው። የወንድሜ ልጅም የገባው ወደዚህ ወር ነበር።

ምርመራዬን እዚህ ካደረስሁ በኋላ በዚህ ልማድ ላይ የሚነሡትን ነቀፋዎች አንድ በአንድ መዘንሁ።

የመጀመሪያው ነቀፋ የእኔው የራሴ ነው፤ የሚተወው እርሱ ሆኖ የሚከፍለው ሌላው ስለ ምን ነው የሚል። መልሱ ግማሽ እውነት ግማሽ ስሕተት ሆኖ አገኘሁት። ወዳጅ የሚያዋጣው ገንዘብ የመጠጥ ደሞዝ አይደለም፤ ምስክርነት ነው። አሥር ሰው ስለ እርሱ ቃል ገንዘብ ካዋጣ፥ እርሱ በ12ኛው ቀን ብርጭቆ ሊያነሣ ሲል የአሥሩ ዓይን ያየዋል፤ በጀርባቸውም የሚረዳው ችግረኛ ቆሟል። ወንድሜ ይህን የመሰለ ምስክር አልነበረውም። ነገር ግን የሚተወው ሰው የራሱን የመጠጥ ገንዘብ በኪሱ አስቀርቶ የወዳጆቹን ብቻ ቢያስረክብ፥ ሄርማስ የተማረውን ትምህርት ገልብጦታል። መጀመሪያ የራሱን መቍጠር ይገባዋል።

ሁለተኛው ነቀፋ የአደባባይነቱ ነገር ነው። ጾምና ምጽዋት በስውር እንዲሆን ወንጌል ያዛል፤ ይህ ግን በይፋ ይነገራል፥ ይመዘገባል። እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሽሮውን ብቻውን ሊበላ ይችላል፤ መጠጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ በማኅበር ነው። የሚቀዳልህ ወዳጅህ ቃልህን ካላወቀ «በሞቴ» እያለ ይቀዳልሃል። እንግዲህ ቃሉ ለሚቀዱልህ ሰዎች ይነገር፤ የሰጠኸው ገንዘብ መጠን ግን በስውር ይኑር።

ሦስተኛው፥ በአውስትራሊያው ወር «የወርቅ ትኬት» የሚሉት ነገር አለ። ሠርግ ወይም ልደት የገጠመው ሰው ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ለአንድ ሌሊት ከቃሉ ይፈታል። ችግረኛው በዚህ እንደሚጠቀም አይካድም፤ ብዙ ሰውም በዚህ ምክንያት ሳይፈራ ይገባል። እኔ ግን ለእናንተ አልመክረውም። መስጠት የመተው መፍቻ ሆኖ ከተገኘ፥ ሰው ገንዘብ ካለው ቃሉን መግዛት እንደሚችል ይማራል፤ ይህም ትምህርት ከመጠጥ ይልቅ ያሰክራል።

አራተኛው ነቀፋ «ወሩ ሲያልቅ የቀረውን ሁሉ በእጥፍ ይጠጡታል» የሚል ነው። ስለዚህ ነገር የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ወሩን የጀመሩትን ከ800 በላይ ሰዎች እስከ ኦገስት ድረስ ተከታትለው ነበር። መልስ ከሰጡት ሰዎች የተገኘው፥ በሳምንት በአማካይ 4.3 ቀን ይጠጡ የነበሩት ወደ 3.3 ቀን መውረዳቸውን፥ በወር 3.4 ጊዜ ይሰክሩ የነበሩትም ወደ 2.1 ጊዜ መውረዳቸውን ነው። እንዲህ ያለውን ወር በፈቃዱ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ልቡ ወደ መቀነስ ያዘነበለ ስለሚሆን፥ ለሁሉ እንዲሁ ይሆናል ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ አንድ ወር ለብዙ ሰው የመማሪያ ቤት ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

አምስተኛው ነገር ነቀፋ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለመጻፍም እጅግ ይከብደኛል። ወንድሜ በሦስተኛ መሐላው፥ ለብዙ ዓመታት ጧትና ማታ ይጠጣ የነበረውን አረቄ በአንድ ቀን አቆመ። በማግሥቱ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፥ ላብም አጠመቀው። በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር እያየ ጮኸ፤ ወድቆም ተንፈራገጠ። ጎረቤቱ ሁሉ «ጋኔን ነው» አለ። እኔም አብሬ አልሁ። ሲሻለው አረቄውን ራሱ አምጥቶ ጠጣ፤ እኛም «ይህ ሰው በልጆቹ ስም ምሎ የማይጸና ከንቱ ነው» ብለን ናቅነው።

እርሱ ከሞተ በኋላ አንድ ሐኪም እንዳስረዱኝ ያ ነገር ጋኔንም የእምነት ማነስም አልነበረም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ሰውነቱ መጠጡን ስለሚለምድ፥ በድንገት ሲያቋርጥ መንቀጥቀጥ፥ መንፈራገጥና የሌለ ነገር ማየት ሊደርስበት ይችላል፤ አንዳንዴም ይሞታል። እንዲህ ያለ ሰው መተው አለበት፤ ነገር ግን በሐኪም እጅ፥ በመድኃኒት እየተረዳ ነው። የጃንዋሪውም ወር አዘጋጆች እንደዚህ ያለ ሰው ያለ ሐኪም በድንገት እንዳያቆም ያስጠነቅቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 ብቻ በመላው ዓለም 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰው በአልኮሆል ምክንያት ሞቷል። ከእነዚህ መካከል እንደ ወንድሜ የታመሙ ሆነው ሳሉ እንደ ከንቱ የተናቁ ስንቶች ይሆኑ?

ይህን ሁሉ ከመረመርሁ በኋላ ለወንድሜ ልጅ ያዘጋጀሁትን መልስ ደመሰስሁና ስልክ ደወልሁለት። «ልጄ፥ አዋጣለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ራስህ በወር ለመጠጥ ስንት ታወጣለህ?» አልሁት። ዝም አለ። ከዚያም «ቈጥሬ አላውቅም፥ ጋሼ» አለኝ። «እንግዲያስ ቍጠር። ቈጥረህ ያን ያህል ከኪስህ አስቀድመህ ስጥ፤ እኔም ያንኑ ያህል እጨምርበታለሁ» አልሁት። በሦስተኛው ቀን ቁጥሩን ላከልኝ። ከቁጥሩ በታች «ይህን ያህል ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም» የሚል ጽፎበታል።

ወሩ ለእርሱ ቀላል አልነበረም። የፈረንጆች ጃንዋሪ የእኛን ገናና ጥምቀት በውስጡ የያዘ ነው፤ በለንደን ካሉት ያገሩ ልጆች ጋር ሲሰበሰብ ጠጁ በፊቱ ይዞር ነበር። የእርሱን ቃል የሚያውቁት የሥራ ባልደረቦቹ እንጂ እነዚህ ወዳጆቹ ስላልነበሩ፥ በገና ዕለት ማታ ደወለልኝ። «ጋሼ፥ በሞቴ እያሉኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?» አለኝ። «የምታዋጣበትን ምክንያት ንገራቸው» አልሁት። ነገራቸው፤ ከመካከላቸውም ሦስቱ በዚያው ማታ ገንዘብ አዋጡለት። ወሩንም ፈጸመ።

በወሩ መጨረሻ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ጋሼ፥ አባቴ ለመተው ሞክሮ ያውቃልን? እናቴ ስለዚህ ነገር መናገር አትወድም» አለኝ። ሦስት ጊዜ እንደ ሞከረ ነገርሁት፤ በሦስተኛውም ጊዜ የሆነውንና እኛ እንዴት እንደ ናቅነው ሳልሸሽግ አጫወትሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ሦስት ጊዜ መሞከሩን አላውቅም ነበር» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እኔም በሰው ቃል ላይ ገንዘብ አዋጥቼ የራሴን ብርጭቆ ይዤ መቀመጡ ስላሳፈረኝ፥ ማታ ማታ የምቀማምሰውን ለአንድ ወር ትቻለሁ። የእኔ ወር ጥር አልነበረም፤ ጥር በእኛ ዘንድ የጥምቀትና የሠርግ ወር ስለ ሆነ ከሰው ሁሉ ጋር ተጣልቼ የምፈጽመው መሰለኝ። የፈረንጆችን ወር መውሰድ ግዴታ አይደለም፤ ማንም የሚችለውን ወር መምረጥ ይችላል። በየማታው የምጠጣውን ዋጋ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ እየከተትሁ በ30ኛው ቀን ለሰፈሬ ለአንዲት ልጆች አሳዳጊ መበለት አስረከብሁ። ስንት እንደ ሆነ አልጽፍም።

እናንተም ወጣቶች እንዲህ ያለውን ነገር ብትጀምሩ ወሰኑን አስታውቁ፥ የሚቀዱላችሁን ሰዎች ምስክር አድርጉ፥ የምትተዉትን ቍጠሩ፥ የቈጠራችሁትንም ከወዳጆቻችሁ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ስጡ። በመንደራችሁ ውስጥ መተው አቅቶት የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ ግን «ማል» አትበሉት፤ እጁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። እኔ ለወንድሜ ይህን አላደረግሁለትም።